ከድንጋዩ ላይ የሚነበበውና የማይነበበው፦ በኢሊኖይ የቀደምት ሰፋሪ ቤተሰቦች መቃብር ውስጥ ያረጁ ጽሑፎችን ስለ መመዝገብ



የዛሬው ገለጻዬ ጠባብ ስለሚመስል አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ዝናብና ውርጭ የሸረሸራቸውን የመቃብር ድንጋዮች ማንበብና መመዝገብ። ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ፣ ከኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ምድር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ መጥተው ያረሱ ቤተሰቦች ሙታናቸውን ብዙ ጊዜ የሚቀብሩት በራሳቸው እርሻ ጥግ፣ ውኃ በማይተኛበት ጉብታ ላይ ነበር። ቀብር ሲባል ደብሩ ለሚታወሰን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነበር፤ አንዳንዴም ገና አልተተከለም።

የእነዚህ መቃብሮች ዕጣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ልጆች መሬቱን ሸጠው ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ፤ አዲሱ ባለ ርስት ከሟቾቹ ጋር ዝምድና የለውም፤ አጥሩ ይወድቃል፤ ከብት ይገባል፤ ማረሻው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጠጋል። በመጨረሻ አንድ ቅን ሰው የወደቁትን ድንጋዮች ሰብስቦ ከዛፍ ሥር ይደረድራቸዋል። በዚያች ቀን ድንጋዮቹ ከአደጋ ይተርፉ ይሆናል፤ ነገር ግን የትኛው ድንጋይ በየትኛው መቃብር ላይ ቆሞ እንደ ነበር የሚያስረዳው ማስረጃ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ስለ ሃያ ወይም ሠላሳ ድንጋይ ይህን ያህል መድከም ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በመዛግብቱ ታሪክ ውስጥ ነው። ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የሆነችው በ1818 ነው። ካውንቲዎች ሞትን እንዲመዘግቡ የታዘዙት በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በመላ ክፍለ ግዛቱ ወጥ የሆነ ምዝገባ የተጀመረው በ1916 ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራም እስከ 1840 ድረስ በስም የሚጠራው የቤቱን ራስ ብቻ ነበር፤ ሚስትና ልጆች በዕድሜና በፆታ ተከፍለው በቁጥር ብቻ ይገቡ ነበር። ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ የተጻፈው ከ1850 ጀምሮ ነው። እንግዲህ በ1841 ተወልዶ በ1846 የሞተን ሕፃን አስቡ። ከሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ወድቋል። በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ስሙ ካልተጻፈ፣ ወይም መጽሐፉ ከጠፋ፣ ያ ሕፃን በዚህ ዓለም መኖሩን የሚመሰክር ያ ቀጭን ድንጋይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ ሲጠፋ የሚጠፋው ይህ ምስክርነት ነው።

«ቀደምት ሰፋሪ» የሚለው ስያሜ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኪካፑ፣ ፖታዋቶሚ፣ ሶክና ሌሎችም ሕዝቦች ከሰፋሪዎቹ በፊት በዚያ ምድር ይኖሩና ሙታናቸውን ይቀብሩ ነበር፤ በ1832 የብላክ ሆክ ጦርነት፣ በ1833 ደግሞ የቺካጎ ስምምነት ከተፈጸሙ በኋላ አብዛኞቹ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ተገፍተዋል። ሰፋሪዎቹም ሁሉ ነጮች አልነበሩም። ፍራንክ ማክወርተር የተባለው ሰው በ1777 በደቡብ ካሮላይና በባርነት ተወለደ፤ በኬንታኪ ለባሩድ መሥሪያ የሚያገለግለውን ሳልትፒተር እያመረተ ባጠራቀመው ገንዘብ በ1817 የሚስቱን የሉሲን፣ በ1819 የራሱን ነፃነት ገዛ። በ1830ዎቹ መባቻ ወደ ኢሊኖይ፣ ወደ ፓይክ ካውንቲ ተሻግሮ በ1836 ኒው ፊላደልፊያ የተባለችውን ከተማ ቀየሰ፤ ከቦታ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብም በባርነት የቀሩ ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ማስለቀቁን ቀጠለ። ማክወርተር የሚለውን የቤተሰብ ስም በሕግ ያጸደቀለት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ ዓመቱም 1837 ነበር። ፍራንክ በ1854 ሞቶ በከተማዋ አቅራቢያ ተቀበረ፤ መቃብሩም በ1988 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከተማዋ ግን ከገጸ ምድር ጠፍታለች። የባቡር ሐዲዱ ስላለፋት ነዋሪዎቿ ቀስ በቀስ ተበትነው ቦታዋ ወደ እርሻ ተመለሰ። በ1850 ቆጠራ በባርነት የተያዙ ሰዎች የተመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር፣ ያለ ስም፣ በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ በራስ ስም የቆመ የመቃብር ድንጋይ ምን ማለት እንደ ነበር እንረዳለን።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመለስ። በምሥራቁ የኒው ኢንግላንድ ግዛት በ1700ዎቹ የተቀረጹ የስሌት ድንጋዮች ዛሬም ጥርት ብለው ሲነበቡ፣ ከእነርሱ መቶ ዓመት ዘግይተው በኢሊኖይ የቆሙት ነጫጭ ድንጋዮች ደብዝዘዋል። ምክንያቱ የድንጋዩ ዓይነት ነው። በቦዮችና በባቡር አማካይነት ከቬርሞንትና ከሌሎች ቦታዎች ይመጣ የነበረው እብነ በረድ ለመቅረጽ የሚመች፣ ለዓይን የሚያምር፣ ነገር ግን ከካልሳይት የተሠራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ ከአየር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት በጥቂቱ አሲዳማ ነው፤ ካልሳይት ደግሞ በአሲድ ይሟሟል። የድንጋይ ከሰል ጭስ ባለበት አካባቢ ጉዳቱ ይከፋል። ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ዘልቆ ሲረጋ፣ ክረምት ላይም ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይላቀቃሉ። በዚህ ደረጃ ላይ ያለን እብነ በረድ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ብትነኩት እንደ ስኳር ይረግፋል፤ ባለሙያዎቹም ይህን ሁኔታ በስኳር ስም ይጠሩታል። የፊደሉ ጥልቀት ከመጀመሪያውም ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን አስታውሱ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኔ የሙያው ዋና ጉዳይ ነው። ድንጋዩን በመንካት የሚነበብ ጽሑፍ፣ በመነበቡ ምክንያት ይበልጥ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ሰዎች ወረቀት ለጥፈው በሰም ወይም በከሰል ያሹ ነበር፤ ጠመኔ ይቀቡ፣ ዱቄት ይነሰንሱ፣ የጢም መላጫ አረፋ ቀብተው በጣውላ ይጠርጉ ነበር። ፊደሉ በእርግጥ ለአንድ ሰዓት ይወጣል። ዱቄቱ ግን የሻጋታ ምግብ ሆኖ ይቀራል፤ አረፋው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ቅሪት ይተዋል፤ ማሸቱም የላላውን ቅንጣት ያራግፋል። ከሁሉ የከፉት የሽቦ ብሩሽና በረኪና ናቸው። በረኪና ድንጋዩን ለአንድ በጋ ያነጣዋል፤ በውስጡ የሚተወው ጨው ግን እየደረቀና እየረጠበ ገጹን ይፈነቅላል። ዘመድ የቀበረ ሰው ድንጋዩን ነጭ አድርጎ ማየት መፈለጉ ተፈጥሯዊ ነው፤ አልነቅፈውም። መዝጋቢው ግን ማጽዳት የመመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አለመሆኑን ማወቅ አለበት። ሊቸን፣ ማለትም በድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚለጠፈው ሕይወት ያለው ነገር፣ አንድን ቃል ቢሸፍን እንኳ በጥፍር ወይም በቢላ አይፋቅም፤ ሲነሣ የያዘውን ድንጋይ ይዞ ይነሣልና። ገጹ ጽኑ መሆኑ ከተረጋገጠ ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃሉ። ካልተረጋገጠ እጅን መሰብሰብ ነው።

ታዲያ ያለ መንካት እንዴት ይነበባል? በብርሃን ነው። ፊት ለፊት የሚመታ ብርሃን ጥልቅ ያልሆነን ፊደል ያጠፋዋል፤ ገጹን ታክኮ ከጎን የሚያልፍ ብርሃን ግን እያንዳንዱን ጭረት በጥላ ይሞላዋል። በክርስቲያናዊው ልማድ ሟቾቹ እግራቸው ወደ ምሥራቅ ሆኖ ስለሚቀበሩ፣ የአብዛኞቹ ድንጋዮች ገጽ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያያል። ብዙ ጀማሪ በማለዳ ይሄድና ምሥራቅ የሚያየውን ገጽ በፀሐይ ተጥለቅልቆ ሜዳ ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ላለው ድንጋይ የተሻለው ሰዓት ወደ እኩለ ቀን ያለው ነው፤ በዚያን ጊዜ ፀሐይ በደቡብ በኩል ሆና በገጹ ጠርዝ ላይ ትንሸራተታለች። ለምሥራቁ ገጽ ከእኩለ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለምዕራቡ ጥቂት ዘግየት ብሎ። ዕድሉ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ካሜራው አስቀድሞ በማቆሚያው ላይ መተከል አለበት። ወደ ሰሜን ለሚያይ ገጽ፣ ወይም በዛፍ ጥላ ውስጥ ላለ ድንጋይ፣ ቁመተ ረጅም መስታወት ያስፈልጋል፤ አንድ ሰው ፀሐይ ባለበት ቆሞ ብርሃኑን ከጎን ወደ ድንጋዩ ይመልሳል፣ ሌላው ያነሣል። ለመላው ልብስ መመልከቻ የሚሆን ተራ መስታወት ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። በጀት የለንም ለሚሉ ክፍሎች ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

በጀት ላላቸው ደግሞ ሁለት ዘዴዎች አሉ። ፎቶግራሜትሪ ከተለያየ አቅጣጫ የተነሡ፣ እርስ በርስ በሰፊው የሚደራረቡ ሥዕሎችን አቀናጅቶ የድንጋዩን ቅርጽ በኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን አውጥታችሁ ቅርጹን ብቻ ብታዩ፣ ሊቸኑ በቀለም ያሳሳተው ዓይን ይታረማል። ሁለተኛው በ2001 ቶም ማልዝቤንደርና የሥራ ባልደረቦቹ በሂውለት ፓካርድ ቤተ ሙከራ ይፋ ካደረጉት ሥራ የመጣ ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ ብርሃኑ ብቻ እየዞረ በርካታ ሥዕሎች ይነሣሉ፤ ከድንጋዩ አጠገብ የሚቀመጥ አንጸባራቂ ጥቁር ኳስ ብርሃኑ በየጊዜው ከየት እንደ መጣ ያሳያል። ኮምፒዩተሩ ሁሉን ካዋሐደ በኋላ ተመራማሪው በቢሮው ተቀምጦ ብርሃኑን እንደ ፈለገ ያዞረዋል። በማዕዘኑ ያለ አንድ አጠራጣሪ አኃዝ ከመስክ በተመለሰ በስድስተኛው ወር ሊነበብ ይችላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የማይፈታው ችግር አለ፤ እርሱም የአንባቢው ዓይን ነው። ዓይን የሚያውቀውን ያነብባል። የቆጠራውን መዝገብ አስቀድሞ ያየ ሰው፣ በድንጋዩ ላይ ግማሹ የጠፋውን ስም በመዝገቡ እንዳለው አድርጎ ያየዋል፤ ከዚያም «ድንጋዩ መዝገቡን አረጋገጠ» ብሎ ይጽፋል። ድንጋዩ ያረጋገጠው ነገር የለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሌላ ሰነድ ከማየታቸው በፊት ለየብቻ ያነባሉ፤ ንባባቸውን የሚያመሳክሩትም ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው። ከእኛ መካከል በብራና ላይ ፮ን ከ፯ ለመለየት የደከመ ሰው ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በእነዚህ እብነ በረዶች ላይ የሚያስቸግሩት 3፣ 5 እና 8 ናቸው፤ 1፣ 4 እና 7ም እንዲሁ።

የጥርጣሬ አጻጻፍ አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልገውም። የጥንት ጽሑፎችና የፓፒረስ ሊቃውንት በ1931 በላይደን ከተማ የተስማሙበት ሥርዓት አለ። በከፊል የሚታይ፣ ግን እርግጠኛ ያልሆኑበት ፊደል ከሥሩ ነጥብ ይደረግለታል፤ ፈጽሞ የጠፋው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ይገባል፤ ምን እንደ ነበር ካልታወቀ በቅንፉ ውስጥ የጠፉት ፊደላት ቁጥር ያህል ነጥብ ይቀመጣል። «18[.]7» ብሎ የጻፈ ሰው ለሚቀጥለው ተመራማሪ ሐቁን ሰጥቷል። «1847» ብሎ የጻፈው ግን፣ ምንም እንኳ ግምቱ ትክክል ቢሆን፣ ግምትን በንባብ ልብስ አልብሶ አስተላልፏል። በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የአርበኞች ዘር ማኅበራትና በ1930ዎቹ በመንግሥት የተቀጠሩ መዝጋቢዎች በአሜሪካ ብዙ የመቃብር ዝርዝሮችን በታይፕ ጽፈዋል። ድንጋዮቹን ከእኛ በተሻለ ሁኔታ ላይ ሳሉ ስላዩአቸው ውለታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ዝርዝሮች የጥርጣሬ ምልክት ስለሌላቸው፣ ዛሬ ድንጋዩ ባዶ በሆነበት ቦታ የትኛው አኃዝ እንደ ተነበበ፣ የትኛው እንደ ተገመተ ለመለየት አንችልም። ያ አኃዝ ከዝርዝሩ ወደ ቤተሰብ ታሪክ መጻሕፍት፣ ከመጻሕፍቱ ወደ ኮምፒዩተር የዘር ሐረግ ቋቶች ሄዷል፤ በአሥር ቦታ ተጽፎ ሲገኝም አሥር ምስክር ያለው ይመስላል።

ከጽሑፉ የሚሰላ ነገርም ከሚነበበው መለየት አለበት። የዚያ ዘመን ድንጋዮች የልደት ቀንን ትተው የሞት ቀንንና ዕድሜን በዓመት፣ በወርና በቀን ይጽፋሉ። አንድ ሰው ማርች 3 ቀን 1852 በ34 ዓመት ከ5 ወር ከ20 ቀን ዕድሜው ሞተ ተብሎ ተጽፏል እንበል። ዓመቱን፣ ከዚያ ወሩን፣ በመጨረሻ ቀኑን ብትቀንሱ ልደቱ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1817 ይሆናል። ከቀኑ ጀምራችሁ ወደ ዓመቱ ብትሄዱ ግን ሴፕቴምበር 12 ላይ ትደርሳላችሁ፤ ወራት እኩል አይደሉምና። ሟቹ የተወለደው በየትኛው ቀን እንደሆነ ድንጋዩ አይነግረንም። በመዝገቡ የልደት ዓምድ ውስጥ የሚገባው ስሌት «የተሰላ» ተብሎ መጠቆም አለበት፤ በድንጋዩ ላይ ያለው ዕድሜም ሳይነካ በራሱ ዓምድ ይቀመጣል።

ድንጋዩ ራሱ ሊዘገይ እንደሚችልም መርሳት አይገባም። ድሃ ቤተሰብ ለድንጋይ የሚሆን ገንዘብ እስኪያገኝ ዓመታት ያልፉ ነበር፤ አንዳንዴም የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ያረጀ ምልክት አንሥተው በአዲስ ተክተዋል። ግራናይትን በቀላሉ መቅረጽ የተቻለው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአየር ግፊት የሚሠሩ መሣሪያዎች ከተስፋፉ በኋላ ነው። በተወለወለ ግራናይት ላይ 1838 የሚል የሞት ዓመት ስታዩ የምታነቡት ስለ አያት የተነገረውን የቤተሰብ ትውስታ እንጂ በቀብሩ ሰሞን የተጻፈ ቃል አይደለም። የቀራጩ ፊርማ ብዙ ጊዜ በታችኛው ጠርዝ ላይ፣ አሁን ከአፈር በታች በሆነው ክፍል ይገኛል፤ እርሱን ለማየት ብሎ መቆፈር ግን የመዝጋቢ ሥልጣን አይደለም።

ሴቶች በእነዚህ ድንጋዮች ላይ በአብዛኛው «የእገሌ ሚስት» ተብለው ይገኛሉ፤ የአባታቸው የቤተሰብ ስም አይጻፍም። እዚህ ላይ አንዲት ቃል ዋጋ አላት። ኮንሰርት የተባለችው ከባሏ ቀድማ የሞተች ሚስት ስትሆን፣ ሬሊክት የተባለችው ባሏ ቀድሟት የሞተ ናት። ሁለቱንም «ሚስት» ብሎ በዘመናዊ ቃል የሚገለብጥ መዝጋቢ፣ የባልየውን የሞት ዘመን የሚጠቁም ምስክርነት ደመሰሰ። ስለዚህ ቃሉ እንዳለ ይገለበጣል፤ ቀራጩ ስሙን ቢያሳስተውም ስሕተቱ ሳይታረም ይገባል። ሥዕሉም እንደ ቃሉ ነው። በድንጋዩ አናት የተቀመጠች ጠቦት የሕፃን መቃብር ምልክት ነበረች፤ ዛሬ ቅርጽ የሌላት እብጠት ሆና ትታያለች። ጽሑፉ ፈጽሞ ጠፍቶ እብጠቷ ብቻ ከቀረች «በአናቱ የእንስሳ ቅርጽ ሊሆን የሚችል እብጠት» ብሎ መጻፍ ይገባል። «የሕፃን መቃብር» የሚለው ለማብራሪያው ዓምድ ይቆይ።

ጽሑፍ ስለሌላቸው ድንጋዮችም ልናገር። በእነዚህ መቃብሮች ውስጥ ከማሳው የተለቀሙ፣ ያልተጠረቡ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ድንጋዮች ከራስጌና ከግርጌ ተተክለው ይገኛሉ። እብነ በረድ መግዛት ያልቻለ ሰው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን፣ የቤቱ አገልጋይ ሊሆኑ ይችላሉ። ጀማሪ መዝጋቢ ያልፋቸዋል፤ ሣር አጫጁም እንቅፋት ናቸው ብሎ ወደ አጥሩ ሥር ይወረውራቸዋል። የጢያን ትክል ድንጋዮች ለሚያውቅ ሰው ይህ አይዋጥለትም። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ1980 ከተመዘገቡት 36 ድንጋዮች 32ቱ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ አንድም የሟች ስም ሳንነብ መቃብርን እንደሚያመለክቱ እናውቃለን። ያልተጻፈበት ድንጋይ እንደ ተጻፈበት ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በካርታው ላይ ቦታው ይመለከታል፣ ቁመቱና አቅጣጫው ይለካል። ሁለት ያልተጠረቡ ድንጋዮች በአንድ ምሥራቅና ምዕራብ መስመር ላይ በሰው ቁመት ርቀት ቆመው ከተገኙ፣ ያ ርቀት በራሱ ማስረጃ ነው።

ስለ ሣሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርእሴ ትንሽ ያፈነገጠ ቢመስልም። ኢሊኖይን በአንድ ወቅት ይሸፍን የነበረው፣ ፕሬሪ የተባለው የረጅም ሣር ሜዳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ታርሷል። ማረሻ ካልደረሰባቸው ጥቂት ቁራጮች መካከል የድሮ መቃብሮች ይገኛሉ፤ በፓክስተን ከተማ አጠገብ ያለው የፕሮስፔክት መቃብርና የሎዳ መቃብር ዛሬ በተፈጥሮ ጥብቅ ቦታነት የሚጠበቁት ለዚህ ነው። ድንጋይ ለማየት ብሎ ሜዳውን የሚመነጥር ሰው የጥንቱን ሣር ዘር ሊያጠፋ ይችላል። ከመስክ ቀን በፊት የዕፀዋት ባለሙያ ማማከር እንደ ካሜራው ሁሉ የሥራው ክፍል ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የመዝገቡ ማረፊያ ነው። ሥዕሎቹ በመዝጋቢው ኮምፒዩተር ውስጥ ከቀሩ ከድንጋዩ ቀድመው ይጠፋሉ። አንድ ቅጂ ለካውንቲው የታሪክ ማኅበር፣ አንድ ለክፍለ ግዛቱ ቤተ መዛግብት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ ፈቃዳቸውን ለሰጡ የሟቾቹ ተወላጆች ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር የድንጋዩ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ ይጻፋል፤ ያልታረመው የመጀመሪያ ንባብም፣ የሁለቱ አንባቢዎች ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ አብሮ ይቀመጣል። ካርታው ከዛፍ ሥር ተደርድረው የተገኙትን ድንጋዮች «ቦታቸው ያልታወቀ» በሚል ለብቻ ያሳያል፤ ወደ አንዱ መቃብር መልሶ መትከል በቤተሰቡ ቢጠየቅ እንኳ ይህ ማስታወሻ ከመዝገቡ አይወጣም።

መስታወቱንና ካሜራውን ከአዳራሹ ውጭ አዘጋጅተናል፤ ፀሐይዋ ሳታልፈን ወደዚያ እንውጣ፣ ጥያቄዎቻችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።